አራት ቡሎን

"ቁሙ! ቁሙ እባካችሁ! ግድግዳዬን ፋቃችሁት እኮ!"

ወይዘሮ ጥሩብርሃን ከአራተኛው ፎቅ አንገታቸውን አስግገው ነው የሚጮኹት። ሶፋው ቆመ። ቆመ ሲባል ያቆመው ሰው አልነበረም፤ ከሁለተኛው ፎቅ ወደ ሦስተኛው ሲታጠፍ አንዱ ጫፉ ከደረጃው ብረት፣ ሌላው ጫፉ ከጣሪያው ጋር ተቀርቅሮ ወደ ላይም ወደ ታችም አልሄድ አለ። ከሥሩ አራት ወንዶች በትከሻቸው ደግፈውት ያቃስታሉ።

"ትንሽ ወደ ግራ በሉት" አሉ ጋሽ ጉልላት ከታች።

"ግራው ግድግዳ ነው ጋሼ።"

"እንግዲያው ወደ ቀኝ!"

"ቀኙም ግድግዳ ነው።"

አልማዜ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብላ፣ የሶፋውን ጨርቅ ጠቅልላ አቅፋ ቆማለች። አየር ጤና ባለው የጋሽ ጉልላት እንጨት ቤት ሶፋ ማልበስ ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ጨርቁ መንገድ ላይ እንዳይቆሽሽ ሶፋው እንጨቱና ስፖንጁ ብቻ ሆኖ ይጫናል፤ እሷ ደግሞ ትልቁን ስቴፕለሯን ይዛ ትከተልና ደንበኛው ቤት ገብታ ታለብሰዋለች። ሶፋው ካልገባ የእሷም ሥራ የለም ማለት ነው።

ዛሬ የሚገባው አራት ባለሦስት ሰው ሶፋ ነው። ወይዘሮ ጥሩብርሃን ቀራንዮ ላይ አዲስ ላሠሩት ፔንሲዮን ያዘዙት። ነጠላ ነጠላዎቹ ወንበሮች ጠዋት በትከሻ እየተሸከሙ ወጥተዋል። ትልልቆቹ ናቸው ጉድ ያፈሉት።

ጋሽ ጉልላት ሶፋ ሲሸጡ የሚሏት አንዲት ቃል አለች፤ "አንድ ወጥ!" ይላሉ፣ እንጨቱን በመዳፋቸው ጠፍ ጠፍ እያደረጉ። "መገጣጠሚያ የለው፣ መቀጠያ የለው። የልጅ ልጅዎ ይቀመጥበታል።" ገዢውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። እዚህ አገር ሶፋ የሚገዛ ሰው እንጨቱን በጣቱ ኳ ኳ ሳያደርግ፣ "አንድ ወጥ ነው አይደል?" ሳይል ቀብድ አይከፍልም። ደረጃዬ ስንት ሜትር ነው፣ ይታጠፋል ወይ፣ ይገባል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን አንድም የለ። ሻጩም አይጠይቅም። ምን ያስጨንቀዋል? ደረጃው እንቢ ካለ ገመድ አለ፤ በውጭ በኩል በረንዳ ለበረንዳ ይጎተታል።

"ሰባት ጊዜ አዞርነው ጋሼ" አለ የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች አለቃ ቦሩ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ። "እንኳን ሶፋ ድመትም እዚህ ጋ አትታጠፍም። እንግዲህ በገመድ ነው።"

ገመድ ሲባል ሁሉም አልማዜን ላለማየት ወለል ወለሉን ማየት ጀመረ። ይሄ አለማየታቸው ነው የሚያናድዳት። ቢያዩዋት ይሻላት ነበር።

ባሏ ባምላኩ የዚህ እንጨት ቤት ዋና አናጢ ነበር። ከአሥራ አራት ወር በፊት አንድ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆሞ፣ ገመዱን በእጁ ጠምጥሞ፣ ልክ እንዲህ ያለ ባለሦስት ሰው ሶፋ ሲጎትት የበረንዳው ብረት ከነብሎኬቱ ተነቅሎ ሶፋውም እሱም ወረዱ። አሸዋ ላይ ስለወደቀ ተረፈ ተባለ። ተረፈ! ከወገቡ በላይ ያለው ተረፈ።

ጋሽ ጉልላት ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑማ እንዴት በቀለላት! ሆስፒታል አብረው አድረዋል፣ ዊልቸሩን ገዝተዋል፣ በየበዓሉ መጥተው ባምላኩ እግር ሥር ተቀምጠው አልቅሰዋል። እሷንም ከሥራ አላስወጧት። ብቻ ከዚያ ወዲህ ፎቅ ቤት ያለው ደንበኛ ሁሉ አንድ በአንድ ራቃቸው፤ ገመድ የሚይዝ ሰው ስለጠፋ ዕቃው አይገባም፣ ካልገባ ይመለሳል። ሐሙስ ዕለት ሠራተኞቹን ሰብስበው፣ "ይሄም ትዕዛዝ ከተመለሰ ቤቱን ለጎሚስታ አከራየዋለሁ። በቃኝ" ብለዋል። ያን ሌሊት አልማዜ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ቤት ውስጥ እንጀራ የሚያመጣው እጅ የእሷ ብቻ ነው።

"ስሙኝ!" አሉ ወይዘሮ ጥሩብርሃን ከላይ። "እንግዶቼ አሥር ሰዓት ላይ ይገባሉ። የሰርግ ሰዎች ናቸው፣ ከጎጃም ድረስ ነው የሚመጡት። ሲሚንቶ ላይ አላስቀምጣቸውም! እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልገባ ጭናችሁት ሂዱ፤ እኔ የተዘጋጀ እገዛለሁ።"

"ይገባል እትዬ፣ ይገባል" አሉ ጋሽ ጉልላት። ድምፃቸው ግን እንደሚገባ የሚያምን ሰው ድምፅ አልነበረም።

ሶፋውን እንደምንም አስለቅቀው ወደ ግቢው አወረዱት። ቦሩ ዕቃውን ካመጣው አይሱዙ ላይ ገመዱን አምጥቶ መሬት ላይ ጣለው።

"ከታች የምንደግፈው እኛ ነን" አለ። "ላይ ቆሞ የሚይዘው ግን ከእናንተ ነው። የኛ ማኅበር ከዚያ ወዲህ በረንዳ ላይ ልጅ አያወጣም።"

ጋሽ ጉልላት ግራ ቀኝ አዩ። ኮታቸውን አወለቁና አይሱዙው ላይ ሰቀሉት።

"እኔ እወጣለሁ።"

"ጋሼ፣ ስኳር ይዞዎት?" አለ ቦሩ። "መሃል ላይ ራስዎን ቢስቱስ? ኧረ ይተዉ፣ አያስቁኝ።"

"እኔ እይዛለሁ" አለ ከኋላ አንድ ቀጭን ድምፅ።

መኳንንት ነው። ባምላኩ ከወደቀ በኋላ በእሱ ቦታ የተቀጠረው አናጢ። ሚስቱ አራስ ናት፤ ሥራው ከቀረ የት እንደሚገባ አያውቅም፤ ፊቱ አመድ መስሏል። "እርግጠኛ ነህ?" ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። ሁሉም እፎይ አለ፤ ጋሽ ጉልላትም ጭምር። ያቺን እፎይታ አልማዜ አየቻት።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መኳንንት አራተኛው ፎቅ በረንዳ ላይ ብቅ አለ። ገመዱን ወረወሩለት። ያዘው፣ አንጓው ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመው፣ አንድ እግሩን አንሥቶ የበረንዳውን ብረት ረገጠ። አልማዜ ይህንን አኳኋን ታውቀዋለች። ባምላኩም እንዲሁ ነበር የሚይዘው፤ ሁለት ጊዜ ጠምጥሞ፣ ግራ እግሩን ብረቱ ላይ አድርጎ፣ ቁልቁል እያየ እየሳቀ። ይሄኛው አይስቅም።

"አንድ፣ ሁለት..." አለ ቦሩ።

"ፍታው!" አልማዜ ጨርቁን ጥላ ጮኸች። "መኳንንት! እጅህን ፍታ! ውረድ ብዬሃለሁ፣ ውረድ!"

"ምን ሆነሻል አልማዜ?" ጋሽ ጉልላት ደነገጡ።

"ሶፋውን ቁረጡት።"

"ምን?"

"በመጋዝ ከመሃል ቁረጡትና ሁለት አድርጋችሁ አስገቡት። ላይ ሲደርስ በቡሎን ይታሰራል። የቤቴ አልጋ በቡሎን አይደል የቆመው? አሥራ ሦስት ዓመት ተኝተንበታል፣ አንድ ቀን ጥሎን ያውቃል?"

ጋሽ ጉልላት ወደ ወይዘሮ ጥሩብርሃን በረንዳ አጮልቀው አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አንድ ወጥ ብዬ የሸጥኩትን ዕቃ ደጃፋቸው ላይ በመጋዝ ልቁረጠው? ነገ አየር ጤና ላይ ሰው ምን ይለኛል? ጉልላት አበደ አይሉም?"

"ሰውየው ከሚቆረጥ ሶፋው ይቆረጥ ጋሽ ጉልላት! ሚስቱ አራስ ናት። ደግሞ ጨርቁ በኔ እጅ ነው ያለው፤ መሃሉ ላይ ደርቤ እሰፋዋለሁ፣ ፈጣሪ እንጂ ሰው አያየውም።"

ጋሽ ጉልላት ቀና ብለው መኳንንትን አዩ። ገመዱ አንጓው ላይ ነው። ጎንበስ ብለው አልማዜን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ሁለት ጊዜ አወናጨፉ።

"ውረድ! ውረድና መጋዝህን አምጣ!"

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ቀላልነቱ ያሳፍራል። አልማዜ ስፖንጁን ከመሃል ገለጠች። መኳንንት መሃሉ ላይ ግራና ቀኝ ሞራሌ እንጨት ደርቦ መታ፣ ሁለቱን አንድ ላይ በስቶ አራት ቀዳዳ አወጣ፣ በሁለቱ ሞራሌዎች መካከል መጋዙን አሳለፈ። ሶፋው ለሁለት ተከፈለ፤ ሌሎቹ ሦስቱም እንዲሁ። ከአስፋልቱ ማዶ የኢብራር የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለ፤ ከእሱ አሥራ ስድስት ቡሎን ከነዳዶው ተገዛ፣ ኢብራር አንዷን መረቀ። ግማሽ ሶፋ ለሁለት ሰው ምንም ማለት አይደለም። ያን ሁሉ ሰው ያስጨነቀችውን መታጠፊያ ምንም ሳይነኩ አለፏት። ላይ ሲደርስ መኳንንት በአሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ አራቱን ቡሎኖች ጥርቅም አድርጎ አሰራቸው፣ ከመሃል አንድ እግር ጨመረለት፣ ተነሥቶ ዘለለበት። ሶፋው ጭጭ።

"ሥራችንን ገደልሽው አይደል?" አለ ቦሩ፣ አንዱን ግማሽ ከአንድ ጓደኛው ጋር ይዞ ሲያልፍ። "ስምንት ሰው ይበላበት የነበረውን በሁለት ሰው አደረግሽው። አይ አልማዜ!" ይቀልዳል፤ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም።

አልማዜ ወደ ፎቁ ወጣች። ላይ ተንበርክካ ጨርቁን እየወጠረች ስቴፕለሯን ጣ፣ ጣ፣ ጣ ታደርጋለች። እጇ ሥራውን ያውቀዋል፣ እሷን አይፈልጋትም። እሷ ሌላ ቦታ ነበረች።

የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ቤት ሲቀይሩ ባምላኩ አልጋውን ፈታታው፤ እሷ ቡሎኖቹን እንዳይጠፉ በቀሚሷ ጫፍ ይዛ አጠገቡ ቆማ ነበር። እንደዋዛ፣ "ባምላኩ፣ ሶፋውንስ ለምን እንዲህ አትሠሩትም? ሰው በገመድ ከሚሰቃይ" አለችው። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። "ሶፋ አልጋ ነው እንዴ? ተቆርጦ የተቀጠለ ሶፋ የሚሠራ አናጢ ብለው መሳቂያ ያድርጉኝ? አልሚዬ፣ የእንጨቱን ለኔ ተይልኝ። አንቺ ጨርቅሽን ስፊ።" እሷም አብራው ሳቀች። ነገሩም እዚያው ቀረ።

ያቺ ሳቋ ናት አሁን አፏ ውስጥ የመረራት። ለምን ሁለተኛ አላነሣችውም? ለምን ሄዳ ለጋሽ ጉልላት አልነገረቻቸውም? ለምን አልተጣላችውም? በሻይ ቅጠልና በስኳር ስንት ቀን ተጣልተው ያውቃሉ፤ በዚህ አንድ ቀን ብትጣላው ምን ነበረበት! አራት ቡሎን። ኢብራር በጋዜጣ የሚጠቀልለው፣ በአንድ እጅ የሚያዝ አራት ቡሎን ነበር የሰውየው ወገብ። ስቴፕለሩን ሳታስበው ስፖንጁ ላይ ሦስት ጊዜ መታችው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አራቱም ሶፋዎች ለብሰው ቆሙ። ወይዘሮ ጥሩብርሃን አንዱ ላይ ተቀመጡ፣ ተነሡ፣ እንደገና ተቀመጡ። በጣታቸው እንጨቱን ኳ ኳ አደረጉ። ልማድ ነው መቼም። ከዚያ ራሳቸው ሳቁ።

"እኔ እኮ ስትቆርጡት ሳይ አብደዋል ብዬ ነበር። መቼም ይሄ ጥሩ ዘዴ ነው።"

"ዘመናዊ አሠራር ነው እትዬ" አሉ ጋሽ ጉልላት ደረታቸውን ነፋ አድርገው። ኮታቸውን መልሰው ለብሰዋል። "ቤት ቢቀይሩ ይፈቱታል፣ ማጠብ ቢፈልጉ ይፈቱታል። ብዙ ያሰብኩበት ነገር ነው። ከሰኞ ጀምሮ ሁሉንም እንዲህ ነው የምሠራው።"

አልማዜ ከተንበረከከችበት ተነሣች።

"ማን ነው ያሰበው?"

"ኧ?"

"ብዙ ያሰበው ማን ነው ጋሽ ጉልላት? ጠዋት ጉልላት አበደ ይሉኛል ሲሉኝ የነበሩት እርስዎ አይደሉም?"

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ "እሺ ጋሼ" ስትል የኖረች ሴት ናት። መኳንንት ቁልፉን ኪሱ እየከተተ ወደ መስኮቱ ዞረ።

"እሷ ናት እትዬ፣ አልማዜ ናት" አሉ ጋሽ ጉልላት ፊታቸው ቀልቶ። "እኔ እንጨት ቤታችን ማለቴ ነው። ምነው አልማዜ፣ ልቀማሽ አልኩ እንዴ? እንዲያውም የጨርቁ ክፍል አለቃ አደርግሻለሁ።"

"የማን አለቃ? እዚያ ክፍል ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።"

ሁሉም ሳቀ። ጋሽ ጉልላትም ከሳቁ ጋር አብረው ከሐፍረታቸው ወጡ፤ ሶፋውን መታ መታ እያደረጉ፣ "ሲታይ እኮ ቀላል ነገር ነው! እስከ ዛሬ እንዴት ሳይታየን ቀረ?" አሉ።

እንዴት ሳይታየን ቀረ። አልማዜ መቀሷን፣ ክሯን፣ ስቴፕለሯን አንድ በአንድ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። መልስ ብትሰጣቸው የምትጮኽ መሰላት።

ጋሽ ጉልላት ደረጃው ላይ ተከትለዋት ወረዱ። ያቺ መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

"አልማዜ፣ ተቀየምሽኝ?"

"አልተቀየምኩም።"

"ቤቱን አተረፍሽው። እውነቴን ነው፣ ለማንም እናገራለሁ፣ ስምሽን ጠርቼ እናገራለሁ።" ኪሳቸውን ዳብሰው ኢብራር የመረቃትን አንዷን ቡሎን አወጡና እጇ ላይ አስቀመጡላት። "ይቺን ለባምላኩ አሳዪው። ንገሪው፣ ደስ ይለዋል። እንዲህ ዓይነት ነገር ይወዳል እሱ። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔም ብቅ እላለሁ።"

ደስ ይለዋል! ሰውየው ከልባቸው ነው። እንዲህ ከልባቸው የሆኑ ሰዎች የሚናገሩት ነገር ነው ሰው የሚገድለው።

ታክሲ ውስጥ ጦር ኃይሎች እስክትወርድ ድረስ ቡሎኗን በመዳፏ ጨብጣ ነበር። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ይጮኻል። ባምላኩ እንደሆነ ታውቃለች፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲደውል ነው የዋለው። አላነሣችውም። በልቧ ንግግር እያዘጋጀች ነው። ረጅም ንግግር አይደለም፣ "ብዬህ ነበር" ብቻ ነው። አሥራ አራት ወር አጥባዋለች፣ አገላብጣዋለች፣ ሌሊት ሲያለቅስ የተኛች መስላ አድምጣዋለች። አንዲት "ብዬህ ነበር" አይገባትም? ለዚህ ሁሉ ድካም አንዲት ቃል? ይገባታል! አልናገርም ብትልስ ምን ጻድቅ ያደርጋታል?

ፀሐይዋ ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ዘንበል ስትል ቤቷ ደረሰች። ባምላኩ በሩ ላይ ዊልቸሩ ውስጥ ተቀምጦ፣ ጋቢውን ጉልበቱ ላይ ጥሎ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ነው የጠበቃት። ዊልቸሩ በዚያ በር እንዲያልፍ መቃኑን በእሱ ትእዛዝ፣ በእሷ እጅ፣ አራት ጣት ያህል ፍቀውታል።

"ለምንድነው ስልክ የማታነሺው?"

"እጄ ሥራ ይዞ ነበር።"

"ስድስት ጊዜ ደወልኩ አልሚ። ሰው ወደቀ?"

"ማንም አልወደቀም።"

"ማርያምን በይ።"

"ማርያምን። ማንም አልወደቀም።"

ትንፋሹ በአንድ ጊዜ ወጣ። ትከሻው ወረደ። ቀኑን ሙሉ ይህችን አየር ይዟት እንደዋለ ያስታውቃል። ስልኩን ጋቢው ላይ አስቀመጠና እጁን አፍታታው።

"ማን ያዘ ታዲያ? ገመዱን?"

"ማንም።"

"ማንም ስትዪ? አራተኛ ፎቅ እኮ ነው ያልሽኝ። ክንፍ አወጣ?"

አልማዜ ቦርሳዋን አወረደች። ያዘጋጀቻት ቃል ምላሷ ላይ ነበረች፤ አፏን ብትከፍት ራሷ ትወጣለች። ፊቱን አየችው። ከመቀመጥ ብዛት ነጥቷል። እጆቹ ግን የአናጢ እጆች ናቸው፣ አልተለወጡም። ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ ሁልጊዜ የሚናገረው አንድ ነገር አለው፤ "ብረቱ ነው የከዳኝ፣ እኔማ አንድም ስህተት አልሠራሁም" ይላል። በዚህ ነው የሚያድረው። ስንት ጊዜ ሰምታዋለች! በዚህ ነው ጠዋት ጠዋት ዓይኑን የሚገልጠው። ይህችን ከወሰደችበት ምን ይቀረዋል?

"ዘዴ መጣ" አለችው፣ ቡሎኗን አውጥታ እየሰጠችው። "ሶፋውን ከመሃል ቆረጡት። ግራና ቀኝ ሞራሌ ደርበው ላይ ሲደርስ በቡሎን አሰሩት። ሁለት ሁለት ሰው በደረጃው ይዞት ወጣ።"

ባምላኩ ቡሎኗን ተቀበለ። ዳዶዋን በአውራ ጣቱ እያዞረ ወደ ጫፉ አወጣት፣ መልሶ አስገባት።

"ስንት ነው የገባው? ለአንዱ?"

"አራት።"

"አራት ቡሎን" አለ። "ማን ነው ያሰበው?"

"ጋሽ ጉልላት።"

ስትናገረው ራሷም ደነገጠች። ከሦስት ሰዓት በፊት በዚህ ስም ምክንያት ሰው ፊት የተሟገተችው እሷ ናት።

"ጉልላት?" ባምላኩ ከወንበሩ የሚነሣ መሰለ። "ጉልላት! ታዲያ ያኔ የት ጥሎት ነበር ይሄን ጭንቅላቱን? እ? እኔ ስፈጠፈጥ የት ነበር? አሁን መጣለት? አሁን! አንድ ወጥ፣ አንድ ወጥ እያለ ገመድ አሸክሞኝ፣ አንድ ወጥ እያለ... የእጁን ይስጠው! እግዜር ይይለት! ነገ ደግሞ ይመጣና እግሬ ሥር ያለቅሳል!" እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ፤ አልጠረገውም።

"እውነትህን ነው" አለች አልማዜ።

አላስቆመችውም። ይርገም፤ ከራሱ በቀር ማንንም ይርገም። ነገ ጠዋት ጋሽ ጉልላት ከቤተ ክርስቲያን ሳይወጡ መደወል አለባት። ዛሬ ሰው ፊት የነጠቀቻቸውን ነገር ወስደው የራሴ ነው እንዲሉላት፣ ለዚያም እርግማኑን ቁጭ ብለው እንዲቀበሉላት ልትለምናቸው ነው። ስምሽን ጠርቼ እናገራለሁ ብለዋል እኮ። እንዳይናገሩ! ከእንግዲህ አየር ጤና ላይ ቡሎን ያለው ሶፋ በወጣ ቁጥር የጋሽ ጉልላት ዘዴ ይባላል፣ እሷም "አዎ" ትላለች።

ባምላኩ ረግሞ ሲደክመው ጋቢውን ወደ ላይ ሳበ። ከጎረቤት የሬዲዮ ድምፅ ይሰማል። አልማዜ ከኋላው ዞራ የዊልቸሩን እጀታ ያዘች።

"እንግባ፣ ብርድ ሊመታህ ነው።"

"አልሚ።"

"አቤት።"

ቡሎኗን አሁንም በጣቱ እያዞራት ነው። ፊቱን አታየውም፤ ማጅራቱን ብቻ ነው የምታየው።

"ያኔ... አልጋውን ስንፈታ። አንቺ የሆነ ነገር ብለሽኝ አልነበር?"

"መቼ?"

"ቤት ስንቀይር። ስለ ሶፋ የሆነ ነገር።"

"እኔ?" አለች አልማዜ። "ስለ እንጨት እኔ ምን አውቄ። ጨርቅ ሰፊ አይደለሁ?"

ወንበሩን ቀና አድርጋ ደፉን አሻገረችውና ወደ ውስጥ ገፋችው።